ዱዓ የተደረገበት ባሌስትራ

በድሩ ኡራሉን ከሐራጅ ገዝቶ ግቢ ድረስ ያስጎተተ ዕለት ሚስቱ ፋዱማ በረንዳው ላይ ወጥታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «ይሄ ነገር አልተቀበረም እንዴ?» አለች።

መኪናውን ማለቷ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ባሏንም ከመኪናው ብዙ የለየችው አይመስልም ነበር።

እውነቷን ነው፤ ለመኪናው የቀረው መቀበር ብቻ ነበር። ኡራል የሚባለው የድሮ የጦር ሠራዊት ጭነት መኪና ነው። አረንጓዴ ቀለሙ ተልጦ ከሥሩ ሌላ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ዝገት ይታያል። ስድስቱም ጎማ ተተርትሯል። የኋላ ባሌስትራው፣ ሸክሙን የሚሸከመው ድርብርብ ብረት፣ ደክሞት ስለ ተኛ ቂጡን እንደ ጅብ ዝቅ አድርጎ ነው የሚቆመው። ድሮ ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይነሣ ጎማ የሚነፋበት ቧንቧ ነበረው፤ አሁን ያ ቧንቧ የሚነፋው የሾፌሩን እግር ብቻ ነው። እንዲህ ተኝቶ፣ ጎማው ተንፍሶ እንኳ በግቢው በር ሲገባ ከራሱ በላይ የቀረችው ክፍተት አንድ ስንዝር አትሞላም ነበር። ያችን ስንዝር ልብ ያላት ሰው አልነበረም። ልብ የሚላት ቢገኝ ኖሮ ይሄ ሁሉ ወሬ ባልተወራ።

የበሩም ነገር መነገር አለበት። ያሠሩት የፋዱማ አባት ናቸው። ሁለት የድንጋይ አምድ አቁመው፣ በላያቸው ወፍራም የኮንክሪት ማገር አጋድመው፣ «ይሄ በር ከኔ በኋላ ይኖራል» አሉ፤ ኖረም። አንድ ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ የሰፈሩን አጥር ጠራርጎ ሲሄድ የእሳቸው በር ያለ አጥር ብቻውን ቆሞ ተገኘ። ጎረቤቱ ሁሉ በጎን መግባት እየቻለ፣ በሩን አክብሮ በበሩ ነበር የሚገባው። ከዚያ ወዲህ የፋዱማ መሐላ «በአባቴ በር!» ሆነ። በአባቷ በር ከማለች ነገሩ አለቀ፤ ሽማግሌ ቢላክ፣ ሼኽ ቢለምን አትመለስም።

በድሩ ዕድሜውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሰ፣ ጡረታ ወጥቶም በሕልሙ ማርሽ የሚቀይር ሰው ነው። ኡራሉን የገዛው ግን ለሥራ አልነበረም። ልጁ ኑርሀን ልታገባ ነው፤ እጮኛዋ ኸባብ ከከተማው ወጣ ያለችው የሐርላ መንደር ልጅ ነው። በድሩም የሐርላ ልጅ ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ፋዱማን ከዚሁ ግቢ ወደ ሐርላ ሊወስዳት ሲል እመጣለሁ ያለው መኪና ቀረና ሰርገኛው መንገድ ዳር ቆሞ ተቁለጨለጨ። በዚያ ሲያልፍ የነበረ አንድ ወታደር ሾፌር አዘነላቸውና ሙሽሪቱንም፣ ሚዜውንም፣ አሮጊቶቹንም በኡራል ጭኖ አደረሳቸው። በድሩ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ልጁንም በኡራል ሊሸኛት ቆርጧል። ፋዱማን ስለዚያው ቀን ብትጠይቋት ግን የምታስታውሰው ወገቧን ነው።

«ከዚያ ቀን ወዲህ ወገቤ ወገብ ሆኖ አያውቅም» ትላለች።

ስለዚህ በድሩ ገና «ስሚኝ እስቲ» ብሎ ሊያስረዳት ሲጀምር አቋረጠችው።

«አንተ ስማኝ። ሐሙስ ጠዋት ድንኳን ተካዮቹ ይመጣሉ። ሐሙስ ጠዋት ይሄ ነገር በራሱ ጎማ ከዚህ ግቢ ካልወጣ ቆራሌ ጠርቼ አስቆርጠዋለሁ። በአባቴ በር!»

«ከወጣስ?»

«ከወጣ ልጅህን ጫንበት። እኔን ግን እዚህ ላይ አታየኝም። ሬሳዬ እንኳ አይወጣበትም! በአባቴ በር!»

እንግዲህ ሁለት መሐላ ተማለ። በድሩ የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ሥራ አይሠራባትም፤ ሐሳብ ነው የሚሠራባት። ሱቁ ይዘጋል፣ አስፋልቱ ይግላል፣ ሰው ሁሉ ጫቱን ይዞ ጥላ ጥላውን ይቀመጣል። የበድሩ በርጫ ቤት ግቢው ውስጥ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሁልጊዜ የማይቀሩ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው ክፍሉ የሚባለው ነው፤ ከምድር ባቡር ጋራዥ ጡረታ የወጣ የከዚራ ሰፈር ሰው፣ ከፈረንሳይኛው የቀረችው ጥቂት ቃል ብትሆንም እሷኑ ሳይቆጥብ የሚጠቀምባት። ሁለተኛው ታይዋን በሚባለው ገበያ ስልክ የሚሸጠው ሃሺ ነው። ሃሺ መኪና ነድቶ አያውቅም፤ ስለ መኪና ያላየው ቪዲዮ ግን የለም።

በዚህ በርጫ አንድ ደንብ አለ። ተመክሮበት የተቆረጠ ነገር ዱዓ ይደረግበታል። ሃሺ እጁን ዘርግቶ ይለምናል፣ በድሩ «አሚን» ይላል፣ ክፍሉ በራሱ «አሜን» ይዘጋዋል። አሚንም አሜንም የተባለበት ነገር ከዚያ በኋላ አይነካም። ደንቡ ጥሩ ደንብ ነው፤ ስንት የተጣላ ጎረቤት ታርቆበታል። ችግሩ ዱዓው የሚደረገው ምርቃናው ጣራ በነካ ሰዓት መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ምክር የጎማ ነበር።

«ጎሚስታው አሥራ አንድ በሃያ ጎማ ይበቃዋል ብሎኛል» አለ በድሩ ጫቱን እየቀነጠሰ። «ገበያ ላይ እንደ ልብ የሚገኝ ነው።»

«ይበቃዋል» አለ ክፍሉ።

«ይበቃዋል» አለ ሃሺ።

እዚህ ላይ ዱዓ አድርገው ቢነሡ ኖሮ ሁሉም ሰላም ነበር። ግን ጫቱ ገና መጀመሩ ነው፤ ማን ይነሣል? መቃማቸውን ቀጠሉ። ከቆይታ በኋላ ክፍሉ ቀና ብሎ፣ «ቆይ፣ ይበቃዋል ማለት ግን ምን ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ። ምርቃና መምጣቱ የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው።

«አቦ እውነቱን ነው!» አለ ሃሺ። «ለሙሽራ ይበቃል ይባላል እንዴ?»

«ፋብሪካው ያሰረለት አሥራ አራት በሃያ ነበር» አለ በድሩ። ድምፁም ሞቅ አለ።

«ፋብሪካው መቼ ሙሽራ አስቦ ያውቃል?» ሃሺ ስልኩን አውጥቶ በረዶ እየሰነጠቀ የሚሄድ ትልቅ መኪና አሳያቸው። «እይ ይሄን ጎማ። ወላሂ ቁመቱ እኔን ያክላል።»

«ድሬ በረዶ የለም» አለ በድሩ።

«ደቻቱ ውስጥ አሸዋ የለም?»

አሸዋስ አለ። አሥራ አራቱ በአንድ ድምፅ አነሰ ተባለና አሥራ ስድስት በሃያ ይሁን ተብሎ ተቆረጠ። ሃሺ እጁን ዘረጋ፣ በድሩ አሚን አለ፣ ክፍሉ አሜን አለ።

በማግሥቱ በድሩ ሲነቃ አሥራ ስድስት በሃያ የሚለው ቁጥር ደረቱ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ዱካክ፣ የጫት ቅዠት፣ ነው ብሎ ሊያባርረው ሞከረ። ዱካክ አልነበረም፤ ውሳኔ ነበር። እየከበደው ተነሥቶ ጎሚስታው ዘንድ ሄደ።

«ይሄን እኮ ክሬን ነው የሚያስረው» አለው ጎሚስታው።

«ዱዓ ተደርጎበታል።»

ጎሚስታውም የድሬ ልጅ ነውና ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ሥራ ካቆመ የመንገድ ሥራ ክሬን ላይ ስድስት ጎማ ከነቸርኬው ፈልጎ አመጣለት።

የሁለተኛው ቀን ምክር የባሌስትራ ነበር። መካኒኩ ጠዋት ግቢ መጥቶ መኪናውን ሥሩ ገብቶ ካየ በኋላ ነገሩን ለበድሩ በአጭሩ አስቀምጦለት ሄዷል፦ ሰው የምትጭን ከሆነ የተሰበረውን ብቻ ልቀይርልህ፣ ለስላሳ ይሆናል፤ ድንጋይ የምትጭን ከሆነ ልጨምርበት፣ ጠንካራ ይሆናል፤ ምረጥ። እንዲህ የጠራ ነገር ሰው ጠዋት በባዶ ሆዱ ይመርጠዋል። በድሩ ግን ለበርጫው አሳደረው።

«ለስላሳ ይሁን» አለ በድሩ ሲጀመር። «የፋዱማ ወገብ ያስተማረኝ ነገር አለ።»

«ለስላሳ ነው እንጂ!» አሉ ሁለቱም። ፋዱማ በመስኮቱ በኩል ስታልፍ ስለ ነበር ጮክ ብለው ነው ያሉት።

ጫቱ ወረደ፣ ሻይ ተደገመ። ክፍሉ ጣቱን አነሣ።

«በምድር ባቡር አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ፉርጎ የሚገለበጠው ሲጠነክር አይደለም፤ ሲልፈሰፈስ ነው። ባሌስትራ ማለት ወንድም ማለት ነው። ሲበዛ አይጎዳህም።»

«የሐርላ መንገድ ደግሞ ድንጋይ ነው» አለ ሃሺ።

«ድንጋይ ነው» አለ በድሩ፤ ተወልዶ ያደገበትን መንገድ ያን ቀን ገና የሰማ ይመስል።

«ሁለት ሁለት ባሌስትራ ይጨመር፤ ከፊትም ከኋላም!» አለ ክፍሉ። «ቮየላ!»

«ከሥሩ ደግሞ የብረት ታኮ ይግባበት» አለ ሃሺ፣ ስልኩን እየዞረ እያሳየ። «ይሄ ሰውዬ አስገብቶ ወንዝ ተሻግሮበታል። ኑርሀን ከሰው ሁሉ በላይ ሆና ትሂድ አቦ! አባቷ ማን ሆኖ!»

በድሩ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አባቷ ማን ሆኖ ሲባል ማን ይችላል? እጅ ተዘረጋ፣ አሚን ተባለ፣ አሜን ተባለ።

መካኒኩ ይህን ሲሰማ ቁልፉን አስቀምጦ በድሩን ለረጅም ጊዜ አየው። «ምን ልትጭንበት ነው? ተራራ?»

«ሙሽራ።»

«በድሩ፣ ይሄ ባሌስትራ ሙሽራ አይሰማውም። ካልጫንክበት አይተኛም፤ እንደ ግንብ ነው የሚቆምልህ።»

«ይቁም» አለ በድሩ። ከአሚን በኋላ ምን ይላል?

ይህ ሁሉ ሲመከር፣ ሦስቱም ፊታቸውን ወደ ግቢው በር አዙረው ነበር የተቀመጡት። ማገሩ ከፊታቸው ነው። ጥላው እግራቸው ድረስ ይመጣል። ክፍሉ እንዲያውም አንድ ጊዜ «ጥሩ በር ነው» ብሎታል። የለካው ግን የለም፤ እያንዳንዱ ሌላው ለክቶታል ብሎ ያምን ነበር።

ረቡዕ ሥራው አለቀ። ኡራሉ በአዲሶቹ ጎማዎቹ ላይ ቆመ፤ መቆም ብቻም አይደለም፣ የደነገጠ ግመል መሰለ። የጋቢናውን መወጣጫ ለመርገጥ ክፍሉ በርጩማ አስመጣ። በድሩ ዞር ዞር እያለ አየውና ደስታው መተንፈሻ አሳጣው። ፋዱማ ከጓዳ ወጥታ መኪናውን አየች። በሩን አየች። እንደገና መኪናውን አየች። ፈገግ ብላ ገባችና ለቆራሌው ደወለች።

ሐሙስ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ድንኳን ተካዮቹ ቋሚያቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። በድሩ አዲስ ሽርጡን አገልድሞ ጋቢና ወጣ። ክፍሉ ከምድር ባቡር ዘመኑ የቀሩትን ፊሽካና አረንጓዴ ባንዲራ ይዞ ከበሩ ውጭ ቆመ። ሃሺ ስልኩን ቀስሮ መቅረጽ ጀመረ። ሞተሩ ሳለ፣ ተነጫነጨ፣ ግቢውን በጥቁር ጭስ ሞላውና ተነሣ። እልል ተባለ። ባንዲራው ተውለበለበ። ኡራሉ በቀስታ፣ በክብር፣ ወደ በሩ ተጓዘ። ከዚያ ፊሽካው ጮኸ።

«ምን ሆነ?» አለ በድሩ በመስኮቱ ብቅ ብሎ።

ክፍሉ ዓይኑን ከጋቢናው ጣሪያ ወደ ማገሩ፣ ከማገሩ ወደ ጣሪያው አመላለሰ። «ፔቲ ፕሮብሌም» አለ።

ጣሪያው ማገሩን ከስንዝር በላይ ይበልጠዋል። በድሩ ወርዶ አየ። ወጥቶ አየ። ቁጢጥ ብሎም አየ፤ ከየትም ቢታይ ያው ነው። ቀስ ብሎ ወደ በረንዳው ዞረ።

«ፋዱማ፣ ይሄን አይተሽ ነበር?»

«ባሌስትራውን ስትጨምሩ ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ዱዓ ላይ ነበራችኋ።»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ ፋዱማ የመጀመሪያውን ክፍል ዘልላ በቀጥታ ወደ መከራው ነበር የሄደችው።

ሃሺ «መሬቱን ዝቅ አድርገን እንቆፍረው» አለ። ከበሩ ሥር አባቷ ያፈሰሱት ሌላ ኮንክሪት አለ። «እንግዲያው ማገሩን ከታች ትንሽ ብንነካው...» ብሎ ጀመረና የፋዱማን ዓይን አየ፤ የቀረውን ዋጠው። መካኒኩ ባሌስትራውን ይፍታ ቢባል ለዛሬ የማይደርስ ሥራ ነው። ከጎማው ንፋስ አስወጡ፤ ኡራሉ እየተነፈሰ ወረደ፣ ወረደና ቆመ። መካኒኩ እጁን አነሣ። «በቃ! ከዚህ በላይ ከተነፈሰ ቸርኬው ጎማውን ይቆርጠዋል።» የቀረው አራት ጣት ነበር። አራት ጣት ብቻ! ስንዝር ቢሆን ሰው ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ይገባል፤ አራት ጣት ግን ያቃጥላል።

በዚህ መሐል ቆራሌው መጣ። መቁረጫውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ኡራሉን ዞረና በጣቱ አንጓ ኮፈኑን ኳ ኳ አደረገው፤ ሀብሀብ የሚመርጥ ሰው እንደሚያደርገው። «ጥሩ ብረት ነው» አለ። በድሩ ደረቱ ላይ የተንኳኳ መሰለው።

ከቆራሌው ኋላ አንድ አይሱዙ በጡሩምባ እየጮኸ ደረሰ። የኸባብ እናት ዓናብ የሙሽራዋን ዕቃ ልታደርስ ከሐርላ መምጣቷ ነው። በዓናብና በፋዱማ መካከል ቂም አለ። ፋዱማ ድንኳኑ ጠባብ ነውና ከወንድ ወገን አንድ ሚኒባስ ሰው ብቻ ለሰርጉ ይምጣ ብላ ነበር። ዓናብ ደግሞ ከሐርላ ማንን ትቼ ማንን ላምጣ ብላ፣ ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ሰላምታ በመልእክተኛ ነበር። ያን ቀን ዓናብ ለዕቃው አንድ ሻንጣ፣ ለዕልሁ ደግሞ አይሱዙ ሙሉ ዘመድ ይዛ መጣች።

«ሰላም በላት» አለች ዓናብ አብሯት ለመጣው ለኸባብ፣ ፋዱማ ፊቷ ቆማ።

«አሀ፣ ደኅና ናት በላት» አለች ፋዱማ።

የሐርላ ዘመድ ግን እንኳን በቆመ ኡራል፣ በሚሄድም ላይ ይሳፈራል። አንዱ ጎማውን ረግጦ ወጣ፣ ሌላው ተከተለ፤ አፍታም ሳይቆይ መጫኛው በሰው ተሞላ። ያን ጊዜ ነው ክፍሉ ፊሽካውን እስኪያንቀው የነፋው።

«ማንም እንዳይወርድ! አትንቀሳቀሱ! በድሩ፣ ኋላውን እይ! ተኝቷል!»

እውነትም የኋላ ባሌስትራው ተኝቶ ነበር። ሰው የተጫነው መኪና ግቢ እንደ ገባበት ቀን፣ እንደ ጅብ ቂጡን ዝቅ አድርጎ ነበር። መካኒኩ «ካልጫንክበት አይተኛም ብዬው ነበር» እያለ ለሁሉም መናገር ጀመረ። ሃሺ መንገድ ላይ ወጥቶ፣ «ወሪያ! ኑ ውጡ! ለነፍስ ነው!» እያለ አላፊ አግዳሚውን ሰበሰበ። ድንኳን ተካዮቹ ወጡ። ጎሚስታው ወጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ፤ ያን ቀን የተፈለገው ግን ሸክሙ ነበር። ቆራሌው ራሱ ወጣ፤ መቁረጫውን እንዳይለቅ ተነገረው፣ እሱም ይመዝናላ።

ኋላው ከማገሩ በታች ሆነ። ግን ኋላው ሲወርድ ፊቱ ምንም አልተበገረም። ሽማግሎቹን ኮፈኑ ላይ አስቀመጧቸው፤ ፊቱ ትንሽ ወረደ። የቀረው አንድ ጣት ነበር።

«ጋቢና ውስጥ» አለ ክፍሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልክ ከፊት ባሌስትራው በላይ፣ ሁለት ሰው ያስፈልገናል። ግን ሰው ስል...» እጁን ሰፋ አደረገ። ወዲያው ሰበሰበው።

እሱም በድሩም በአንድ ጊዜ ያሰቡትን አሰቡ። ዓናብን የማስገባቱ ሥራ ለኸባብ ተሰጠው፤ ወደ እናቱ ሄዶ ጆሮዋ ውስጥ አንድ ነገር ተናገረ፤ እሷም ጋቢና ገባች። ሌላኛዋ ቀረች። በድሩ ወደ በረንዳው ሄደ።

«ፋዱማ... ጋቢና ውስጥ አንድ ሰው ጎድሎናል።»

«ያ ሁሉ ሰው እያለ?»

«ትንሽ... ረጋ ያለ ሰው።»

«ረጋ ያለ?»

«መሬት የያዘ።»

«በድሩ! ወፍራም ነሽ ልትለኝ ነው?»

በድሩ ይህን ሁሉ ዘመን በትዳር የኖረው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ዝም ማለት ስለሚችል ነው። ክፍሉ ሊረዳው ብሎ ከሩቅ፣ «በምድር ባቡር ሚዛን ጠባቂ እንለዋለን!» ብሎ ጮኸ። ነገሩን አባሰው።

«ሬሳዬ አይወጣበትም ብዬሃለሁ» አለች ፋዱማ። «ምያለሁ።»

ሁለተኛው መሐላ ያን ጊዜ ነው በድሩ ጆሮ የገባው። ትከሻው ወደቀ። ወደ ኡራሉ አየ፤ ኮፈኑ ላይ ሽማግሎቹ ተኮልኩለዋል፣ ቆራሌው ከላይ ሆኖ የብረቱን ውፍረት በእጁ ይዳስሳል።

«እሺ፣ ይቁረጠው» አለ። «ብረት ነው። እኔ ያን ቀን ያየሁትን ኑርሀንም ታየዋለች፣ ኸባብም ያየዋል ብዬ ነበር።»

«ምን አየህ? ወገቤ ሲሰበር ነው ያየኸው?»

«አንቺን ስትስቂ ነዋ ያየሁት። አባትሽ በሩ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ አንቺም ታለቅሺ ነበር። ኡራሉ ተነሥቶ የመጀመሪያዋ ጉድጓድ ስታነጥረን ሳቅሽ። እስከ ሐርላ ሳቅሽ። ይቺ ሴት እኔ ዘንድ ደስ ይላታል ማለት ነው ብዬ ያመንሁት ያን ጊዜ ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ፈርቼ ነበር።»

ፋዱማ እጇን ወደ ወገቧ ሰደደች። ሳቋን ረስታው ነበር። ወገቧን ይዛ ሳቋን ረስታው ነበር።

«ስቄያለሁ?»

«ከዚህ እስከ ሐርላ።»

ከጋቢናው ውስጥ ዓናብ አንገቷን አወጣች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ያለ መልእክተኛ ማውራቷ ነው። «ነይ ግቢ ፋዱማ! እኔንም ይሄ ልጅ ‹እማ፣ መስኮቱ ጋ ነፋስ አለ› ብሎ ነው ያታለለኝ። ብቻዬን ወፍራም አታድርጉኝ!»

ፋዱማ ሳታስበው ፈገግ አለች። ጫማዋን አጠበቀች፣ ሻሿን አሰረች። «ሬሳዬ አይወጣበትም ነው ያልሁት» አለች ለተሰበሰበው ሁሉ እንዲሰማ። «ሬሳዬ አልወጣም። እኔ ነኝ በሕይወቴ የምወጣው። የአባቴ በር ይስማኝ!»

ወጥታ ከዓናብ አጠገብ ዘፍ አለች። የፊት ባሌስትራው እየጮኸ ተኛ። በድሩ መሪው ጋ ተጣብቦ ገባ። ክፍሉ ባንዲራውን አውለበለበ። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ እንዲሉ፣ መጫኛው ላይ ያለው ሕዝብ ሁሉ ወገቡን ጎበጥ፣ ራሱን ደፋ አደረገ። ኡራሉ ወደ ማገሩ ሥር ገባ። ጣሪያው ቂ...ጥ አለ። ሁሉም ትንፋሹን ያዘ፤ ክፍሉ በኋላ ሲናገር ያችን ሰዓት የያዝነው ትንፋሽ ነው ያወጣን ይላል። ከዚያ ፀሐይ ጋቢናው ውስጥ ገባ። ወጥተው ነበር።

ያን ቀን የተሰማው እልልታ ከዚራ ድረስ ተሰምቷል ይባላል። ሰዉ በደስታ ዘልሎ ወረደ። ኸባብ በድሩን ትከሻው ላይ ሊሸከመው ሞከረ። ሲወርዱ ግን የረሱት ነገር ነበር፤ ባሌስትራው ቀለለውና ኡራሉ ብድግ አለ። ፋዱማና ዓናብ ዝቅ ብሎ ሳለ የወጡበት ጋቢና አሁን ከመሬት ርቆ ተሰቅሏል። የክፍሉ በርጩማ ደግሞ ግቢው ውስጥ ጎማ ሥር ገብቶ ተሰባብሯል። እስኪወርዱ ድረስ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ከመቀመጥ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ምን እንዳወሩ የሰማ የለም። መካኒኩ መሰላል ይዞ ሲመጣ ግን ፋዱማ በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ «ቆይ፣ ወሬ ላይ ነን» ብላ መለሰችው።

ድንኳኑ ተተከለ። ለሰርጉ የተጠራ ቀለም ቀቢ የማገሩን ሥር ሊያስተካክል ሲመጣ፣ ጣሪያው ትቶት የሄደውን አረንጓዴ መስመር እንዳይነካ ፋዱማ ከለከለችው። በበርጫው ሃሺ መኪናውን ከሰርጉ በኋላ በምን እንደሚያስገቡት ሐሳብ አለኝ ብሎ እጁን ሊዘረጋ ሲል፣ በድሩ እጁን አፈፍ አድርጎ መልሶ ጭኑ ላይ አስቀመጠለት።

በሰርጉ ቀን መካኒኩ በድሩን ለብቻው ጠርቶ እንዲህ ሲል አስጠነቀቀው፦ ባሌስትራው ባዶውን ከሄደ ሙሽራዋን እንደ ኳስ ያነጥራታል፤ ለስለስ እንዲል ሙሉ ሰው መጫን አለበት። ነገሩን ፋዱማ ከኋላ ሆና ሰማች። የሚኒባሱ ጉዳይ በዚያው አለቀ። የሐርላ ሰው ይቅርና የሐርላ ሰው ያወቀው ሁሉ ጋቢናው ፊት ሆና በምትጮህ በአንዲት የሙሽሪት እናት እየተለቀመ ተጫነ።

«ውጡ! አንተም ውጣ! አንቺ ምን ያሳፍርሻል፣ ነይ! ገና ነው፣ ባሌስትራው አልተኛም!»

ኑርሀንና ኸባብ ከላይ፣ ከሰው ሁሉ በላይ ቆመው ነበር። ፋዱማ ጋቢና ገባች። ኡራሉ ከደቻቱ ድልድይ ወርዶ የመጀመሪያዋን ጉድጓድ ሲረግጥ ሙሉው ሕዝብ ብድግ ብሎ ቁጭ አለ። በድሩ ወደ ጎን ሰረቅ አድርጎ አያት። ሻሿ ዓይኗ ላይ ወርዷል፣ እጇ የዓናብን ጉልበት ይዟል፣ ትስቃለች።

«ወገብሽ እንዴት ነው?» አላት።

«ስለ ወገቤ» አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ «ነገ ጠይቀኝ።»